ከሊማሊሞ በታች የተመረጠ ኮምፒውተር

ወንድሜ ከሞተም በኋላ ኮምፒውተሬን ሲመርጥልኝ ነበር። ግራፊክስ ካርዱን መረጠልኝ፤ ሳጥኑ፣ ኬዙ፣ ምን ዓይነት ይሁን ብዬ ስጠይቀውም መልስ መጣልኝ። እኔ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲው ዶርም ውስጥ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ተጋድሜ መልሱን እያነበብኩ እስቃለሁ። እሱ ደባርቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከእናታችን አጠገብ ከተኛ ሰንብቷል። ይህን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። የባጃጅ ሹፌሮቹ ያውቃሉ፤ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ታውቃለች፤ አብረውኝ የተማሩ ልጆችም ያውቃሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለምን እንዳልነገሩኝ ላገሬ ሰው ማስረዳት አያሻኝም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ በሌለበት ከተማ ያለ፣ በዚያ ላይ ፈተና የደረሰበት ልጅ አገሩ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ከገባም በኋላ በልቶ፣ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ልማዱን አውቀዋለሁ፤ ደግነቱም ይገባኛል። ቢሆንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሚያንገበግበኝ መደበቁ ብቻ አይደለም። ከዚያ ሁሉ መልእክት ውስጥ የትኛው የእሱ ቃል፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደሆነ አለማወቄ ነበር። ያለኝ አንድ ወንድም ነው። ቢያንስ የመጨረሻ ቃሉን ለይቼ መያዝ ፈለግሁ።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና ከአባታችን ልጀምር። አባታችን ቄስ ናቸው። ከቅዳሴ የተረፈውን ጊዜ ድጓ ሲያስተምሩ ይውላሉ፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። እናታችን እኔ ገና በእግሬ ሳልቆም ስለሞተች፣ ቄስ ደግሞ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ ስለማያገባ፣ እኔንና ወንድሜን ብቻቸውን አሳደጉን። ዜማው እንጂ ወጡ አይሆንላቸውም ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ገና ልጅ ሆኖ ሽሮ መሥራት ለመደ። ሽሮው ይጓጉላል፤ እኔ እነጫነጫለሁ፤ እሱ "ካልጣመሽ ለድመቷ ስጫት" ይለኛል፤ ድመቷም አትበላውም። የሚበልጠኝ በጥቂት ዓመት ነው። ጎረቤት ሴቶች ዘንድ ወስዶ ጸጉሬን የሚያሠራኝ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ኮት ደርቦ የሚመጣልኝ እሱ ነበር።

ጌም የለመድነው መናኸሪያው ጀርባ በነበረች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ውጭ የደባርቅ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ውስጡ ግን በልጆች ትንፋሽ ይታፈናል። ከሴት የምገባው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከቄስ ልጆች ደግሞ እኛ ብቻ። ወሬ አቀባይ መቼ ይጠፋል? አንድ ቀን አንድ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ "የኔታ፣ ልጆችዎ ቁማር ቤት ገቡ" ብሎ ነገራቸው። አባታችን አልቆጡም። ራት ላይ ቀና ብለው አዩንና፣

"እዚያ ቤት ምን ትሠራላችሁ?" አሉ።

"ኳስ እንጫወታለን አባባ" አለ ወንድሜ።

"በዚያች ጠባብ ቤት?"

"በቴሌቪዥኑ ነው። ቁጭ ብለን።"

"ቁጭ ተብሎ ኳስ!" አሉና እንጀራቸውን ቆርሰው ያዙ። ጎረሱና "ሁለተኛ እንዳልሰማ" አሉ። ሁለተኛ እንዳይሰሙ ተጠነቀቅን እንጂ መሄዱንስ አልተውነውም።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ነጥብ አልመጣለትም። ከዚያ አስፋልቱ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ስልክ መጠገን ጀመረ። ደንበኞቹ የሽሬ መንገድ ሹፌሮች ናቸው። ሊማሊሞን ከመውረዳቸው በፊት መኪናቸውን አቁመው ስልካቸውን ያሠራሉ፣ ቻርጅ ያደርጋሉ፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። መንገዱ በተዘጋ ሰሞን ሱቁ በሰው ይጨናነቃል፤ እሱም ደስ ይለዋል። ከየመሥሪያ ቤቱ የሚጣሉ የሞቱ ኮምፒውተሮችን እየለመነ ሰብስቦ ነበርና፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንዱን ይፈታና ያስተምረኛል። ይህ ማዘርቦርዱ ነው፤ ሁሉም እዚህ ላይ ይሰካል። ይህ ፓወር ሳፕላዩ ነው፤ መብራቱን ተቀብሎ ለሌሎቹ ያካፍላል፤ እዚህ ላይ የሰሰተ ሁሉንም ያቃጥላል። ይህ ራሙ ነው፤ የሚሠራውን ሁሉ ለጊዜው በቃሉ ይይዛል። ይህ ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ምስሉን የሚሥለው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ጌም የለም። በቪዲዮ የምናያቸውን፣ ማቀዝቀዣ ፋናቸው አረንጓዴና ቀይ የሚያበራውን ኮምፒውተሮች ግን አይወድም ነበር። "የሠርግ ቤት" ይላቸዋል። "መብራት እንኳን ለኮምፒውተር ለደባርቅም አልበቃ!"

እኔ ነጥብ መጣልኝ። ሶፍትዌር ልማር አዲስ አበባ ስመደብ ወንድሜ ሱቁን ዘግቶ፣ አስፋልት ለአስፋልት እየሮጠ ቤት መጣ። ነጥቡ የእሱ የሆነ ይመስል ነበር። የዚያኑ ሰሞን ከሱቁ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ኮምፒውተር እንድገዛበት ሰጠኝ። ላፕቶፕ አይደለም፤ እየመረጥኩ የምገጣጥመው፣ ጌም የሚችል፣ በርካሽ የሚሠራ። ለአባታችን "ለትምህርቷ ነው" አላቸው። ብቻችንን ስንሆን "ዋሸሃቸው እኮ" አልኩት።

"ግማሹ እውነት ነው" አለኝ። "የቀረው ግማሽ ግራፊክስ ካርዱ ነው።"

ያሰበው እንዲህ ነበር። እሱ ከደባርቅ በአሮጌው ላፕቶፑ፣ እኔ ከአዲስ አበባ በአዲሱ፣ ኢንተርኔቱ ሲለቀቅ አብረን እንጫወታለን። "አንድ ጊዜ ሄደሽ ሁሉንም እንዳትገዥ" አለኝ። "አንድ በአንድ ግዥ። እየጠየቅሽኝ። ነጋዴ እንዳያሞኝሽ።"

ያን ጊዜ ፊቱ ጧት ጧት ያብጥ ነበር። ጎንደር ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሲመለስ ምን አሉህ አልኩት። "የኩላሊት ጠጠር ነው" አለኝ። "የደባርቅ ውኃ ከዚህ ሌላ ምን ይሰጣል?" ሳቅን። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሻንጣዬን መናኸሪያ ድረስ የያዘልኝ የባጃጁ ሹፌር ነበር። ወንድሜ አንድ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ ከኋላችን ቀስ እያለ መጣ፤ ጠጠሩ ወግቶኛል አለ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል "ፓወር ሳፕላይ ላይ እንዳትሰስች!" ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ኮምፒውተር መግዛት እንዲህ ሰው እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። መርካቶ ካለ አንድ ፎቅ ወደ ሌላው እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ያገለገለውን አዲስ ነው ይሉኛል፤ ያልጠየቅሁትን ያወጡልኛል። እኔ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ለወንድሜ እጽፋለሁ። ኢንተርኔት በኛ በኩል ስለተዘጋ ፎቶ መላክ አይቻልም፤ የምንገናኘው በአጭር መልእክት ብቻ ነው። አንዱ ነጋዴ ትዕግሥቱ አልቆ "ወንድምሽ ካልፈቀደ አትገዢም?" አለኝ። "አልገዛም" አልኩት። ፕሮሰሰሩንና ማዘርቦርዱን እንዲያ ገዛሁ። ፓወር ሳፕላዩንም አልሰሰትኩበትም።

ከዚያ አንድ ቀን ወንድሜ ረዘም ያለ መልእክት ላከ። ከአባባ ጋር ጸበል ሊገባ ነው። ከሊማሊሞ በታች፣ ወደ አዲ አርቃይ መውረጃ፣ ሞቃት ቦታ ነው፣ ለጠጠሩ ጥሩ ነው ይላሉ። ሱባኤ ስለሚይዝ በስልክ አያወራም። "ድምፄን አትጠብቂ፤ ጻፊልኝ፤ ኔትወርክ ሳገኝ እመልስልሻለሁ" ይላል። ሁልጊዜ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፍልኝ፣ እንደ ማንኛውም ወጣት። የዚያን ቀን ግን በራሳችን ፊደል ጻፈ፤ ጸበል ቦታ በላቲን መጻፍ አሳፈረኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው አለ።

"መነኮስክ እንዴ?" ብዬ ጻፍኩለት።

"ልመንኩስ ነው። አንች ግን ራሙን ግዥ" አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። ድምፁን የማያሰማ፣ አጻጻፉን የለወጠ በሽተኛ! እኔ ግን የቄስ ልጅ ነኝ። ሱባኤ የያዘ ሰው በዓይኑ ብቻ ሰላም ሲል፣ ውኃ በጥቅሻ ሲጠይቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ያደግሁበት ነገር ነው ያታለለኝ። ከዚያ ወዲያ ለአባታችን ስደውል፣ ለቅዳሴው ደባርቅ ተመልሻለሁ ብለውኝ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ ያወሩልኛል፤ ስለ እሱ ስጠይቃቸው "ጻፊለት ልጄ" ይላሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩም። ድሮም በስልክ ብዙ አያወሩም።

ጻፍኩለት። ራም አንድ ትልቅ ይሻላል ወይስ ሁለት ትንንሽ አልኩት። "ሁለት ትንንሽ ግዥ። አብረው ሲሠሩ ይፈጥናሉ" አለኝ። ግራፊክስ ካርድ ያገለገሉ ሁለት አገኘሁ፤ አንዱ ረከስ ያለ፣ አንዱ ኪስ የሚያራግፍ። መልሱ ሲመጣ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። "ፈሪ ነሽና ትንሹን ልትገዥ ነው። ትልቁን ግዥ። ፋኑን በጣትሽ አዙረሽ እይው፤ ድምፅ ካለው ተይው።" ልክ ነበር፤ ትንሹን ልገዛ እጄን ዘርግቼ ነበር። ትልቁን ገዛሁ።

በመጨረሻ የቀረኝ ኬዙ ነበር። ሁለት ዓይነት አቀረቡልኝ። አንዱ ጥቁር፣ ዝም ያለ ነው፤ ሌላው ጎኑ መስታወት ሆኖ ፋኖቹ የሚያበሩ። ሠርግ ቤት የሚለውን ቀልድ ፈልጌ እንጂ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለመሳቅ ነው የጠየቅሁት። የዚያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። "የሚያበራውን ግዥ። መብራት ያለበት ቤት ይሻላል" ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። በሽታው አለስልሶት ነው ብዬ የሚያበራውን ገዛሁ።

ዶርሙ ወለል ላይ አንሶላ አንጥፌ ገጣጠምኩት። የክፍል ጓደኞቼ ዙሪያዬን ቁጭ ብለው ያዩኛል። ስከፍተው ፋኖቹ ዞሩ፤ ሰማያዊ ብርሃን አልጋዎቹ ላይ ወጣ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። "ሠራ!" ብዬ ጻፍኩለት። "እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ፈተናሽን ተፈተኚ" አለኝ። "ስመጣ ይዤው እመጣለሁ፤ ሱባኤህን ጨርሰህ ጠብቀኝ፣ አሸንፍሃለሁ" አልኩት። ለዚህኛው አልመለሰም። ኔትወርክ ሄዶበት ነው አልኩ።

ፈተናው ሲያልቅ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ከጎንደር እንደተነሳን አክስቴ ደወለች። የአባቴ እህት ናት፤ ደባት ትኖራለች። "ደባት ውረጅ፤ እኔ ዘንድ አድረሽ ነገ አብረን እንሄዳለን፤ ናፍቀሽኛል" አለችኝ። ወንድሜም ከመንገድ ሆኜ ስጽፍለት "አክስትሽ ዘንድ ውረጅ" አለኝ። ወረድኩ። አክስቴ አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። በእጇ እያጎረሰች አበላችኝ፤ በቃኝ ስል አንዴ ብቻ፣ ስለ እኔ ትላለች። ርቦኝ ነበርና ያን ቀን ጥግብ ብዬ በላሁ። እስካሁን ያ ምግብ ነው የሚቆጨኝ።

ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ቀሰቀሰኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሰዎች በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ነው የለበሱት። ከመካከላቸው የደባርቅ ሰዎች አሉ፤ የደባርቅ ሰው በዚህ ሰዓት ደባት ምን ይሠራል? አባታችን ጥግ ላይ ጥምጥማቸውን እንዳሰሩ መሬት መሬት ያያሉ። አክስቴም አባቴም በሕይወት እንዳሉ በዓይኔ ቆጠርኩ። የቀረ አንድ ሰው ነው። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ እንግዲህ የፈጣሪ ሥራ..." ማለት ሲጀምሩ አላስጨረስኳቸውም።

"ትናንት ጽፎልኛል እኮ!" አልኩ። ስልኬን ከትራሴ ሥር አወጣሁና ለእያንዳንዱ አሳየሁ። "እዩ! ይኸው፣ ትናንት ነው! አክስትሽ ዘንድ ውረጅ ብሎኛል! ደኅና ነው!" ማንም ስልኩን አላየም። ሁሉም አቀረቀሩ። እኔ እየዞርኩ አሳያለሁ። አባታችን ዘንድ ስደርስ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ አክስቴ ናት የምታውቀው።

ደባርቅ ደርሰን ለቅሶው ዳግመኛ ለእኔ ተለቀሰ። ሰው እየገባ አለቀሰ፣ እየወጣ ሄደ። ሰው ሲያንስ አባታችን ቤቱ ፊት ያለው መደብ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተናድጃለሁ። በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን አደረግሁ።

"ሊሞት እንደሆነ እያወቁ እኔን ሳይጠሩኝ! አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ልቀመጥ አይገባኝም ነበር?"

"ይገባሽ ነበር" አሉ።

"ታዲያ?"

"አማለኝ። ካህን አይምልም ልጄ፤ እኔ ማልሁለት። ሁለቱም ኩላሊቶቹ አልቀው ነበር፤ ሐኪሞቹ ገና አንች ሳትሄጅ ነው የነገሩት። 'ብትሰማ ትመጣለች፤ ብትመጣ ትምህርቷን ትታ እኔን ስታስታምም ትቀራለች' አለኝ። 'ገንዘቡንስ ለመታከሚያ እናድርገው' ስለው 'ኩላሊት በዚህ አይገዛም፤ ኮምፒውተር ግን ይገዛል' አለኝ። ከዚያ ጸበል ወረድን።"

ከዚያ የፈለግሁትን ጠየቅኋቸው። የትኛው የእሱ ነው? የትኛው የእርስዎ?

አባታችን መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጸበሉ ዘንድ አንዲት ዋርካ አለች። ከጸበል ሲመለሱ ወንድሜ እሷ ሥር ይተኛና እሳቸውን ከፊቱ ያስቀምጣቸዋል። "'አባባ፣ ከእንግዲህ የኔታ እኔ ነኝ፤ እርስዎ ተማሪ ነዎት' አለኝ። በስልኩ የራሳችንን ፊደል መምታት አስተማረኝ። ጣቴ ወፍራም ነው፤ ሁለት ሁለቱን ይጫንብኛል። ያንን ስችል ዕቃዎቹን እያስቀጸለ፣ እያስደጋገመ አስጠናኝ። ስሙን፣ ሥራውን፣ አንች ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ፣ እኔ ምን ብየ እንደምመልስ። እኔ ድጓን በቃሌ የያዝሁ ሰው፣ ይኸ ምን ያቅተኛል ብየ ነበር። አቃተኝ! ማዘርቦርዱ ከፓወር ሳፕላዩ እየተደባለቀ ስሳሳት 'ይመለሱ!' ይለኛል፣ እኔ ተማሪዎቼን እንደምለው። ከመጀመሪያው እመለሳለሁ። እንዲያ እያመመው ስቆብኛል።"

"ጌም መሆኑንስ ነገረዎት?"

"ነገረኝ። 'ለትምህርት ብቻ አይደለም አባባ፤ ልንጫወትበት ነው' አለኝ። 'ቁጭ ብላችሁ ኳስ?' አልሁት። 'ቁጭ ብለን' አለኝ።" አባታችን ፈገግ አሉ። "ምን እለዋለሁ ልጄ? ትልቁን ግዥ ይበሏት አለኝ፤ አልሁሽ።"

ያረፈው እዚያው ጸበሉ ዘንድ ነው። ወንድሜ ስልኩን ይሠራለት የነበረ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አስከሬኑን ጭኖ ሊማሊሞን አወጣላቸው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አባታችን የወንድሜን ስልክ በቀሚሳቸው ኪስ ይዘው ነበር። እኔ በዚያው ሰሞን ስለ ራሙ ጽፌያለሁ።

ስልኬን አወጣሁና ከአባታችን ጋር አንድ በአንድ ለየን። "ልመንኩስ ነው፣ አንች ግን ራሙን ግዥ" የሚለው በገዛ እጁ የጻፈው የመጨረሻው ነው። የመጨረሻ ቃሉ ቀልድ ሆነ። ሁለት ትንንሽ ግዥ የሚለው ከቀብር በኋላ የተላከ፣ ቃሉ ግን የእሱ። ፈሪ ነሽ የሚለው ከቀብር በኋላ፣ ቃሉ የእሱ፤ እንደ ዳዊት በቃል ያስያዛቸው። ፋኑን በጣትሽ አዙረሽ እይው፣ የእሱ። ኬዙ ላይ ስንደርስ አባታችን ስልኩን ከእጄ ወስደው ደግመው አነበቡት።

"ይኸን አላስተማረኝም" አሉ። "መጠየቅሽን ሳይ ደነገጥሁ። ቀኑን ሙሉ አሰብሁበት፤ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር። ኋላ፣ ልጄ በሰው አገር ነች፣ በጨለማ አትቀመጥብኝ ብየ የሚያበራውን አልሁ። አጠፋሁ እንዴ?"

"አላጠፉም" አልኳቸው። ወንድሜ መብራቱን እንደሚጠላ አልነገርኳቸውም።

"እስቲ ልየው" አሉኝ። መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር። በመጣ ቀን ኮምፒውተሩን ከጋቢው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩላቸው። ፋኖቹ ሲያበሩ አባታችን በርጩማቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡና እጃቸውን መስታወቱ ላይ ጫኑ። ብዙ ቆዩ። ጢማቸው ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ የውስጡን ዕቃዎች በጣታቸው እያመለከቱ ስማቸውን ጠሩ፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ፓወር ሳፕላይ፣ በዜማ ቤት ድምፃቸው፣ አንዱንም ሳይስቱ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ዶርሜ ተመልሻለሁ። ወራት ሙሉ አልነካሁትም፤ የቤት ሥራዬን እንኳ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር እሠራ ነበር። በኋላ ከፈትኩት። የምጫወተው ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። ሲያሸንፉኝ ደስ አይለኝም፤ ሳሸንፋቸውም ያው ነው።

በቅርቡ ጌሙ መሐል ላይ እያለሁ በራሱ መጥፋት ጀመረ። ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ መልሱ ሞልቷል፤ ክፍላችን ውስጥም የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም። እጄ ግን የሄደው ወደ ወንድሜ ቁጥር ነው። አባታችን ስልኩን እስካሁን ቻርጅ እያደረጉ እንደሚይዙት አውቃለሁ። ጻፍኩ። "ጌም ስጫወት በራሱ ይጠፋል። ፓወር ሳፕላዩ ነው ወይስ ሙቀቱ?"

ቀናት አለፉ። የላክሁትን ልሰርዘው ፈለግሁ፤ የተላከ አይሰረዝም። ለአባታችን ልደውልላቸው አሰብኩና ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ስልኬ ነዘረ። የወንድሜ ስም ነው የመጣው።

"ልጄ፣ እስከዚህ አላደረሰኝም" ይላል።